የጠዋቷ ኪኒንና የአውድማው ቴኒስ

ሐዋሳ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለቄስ ደምሌ፣
ሲማዳ፣ ሚካኤል ደብር

ይፍቱኝ አባቴ።

እንዴት ሰነበቱ? እማዬስ እንዴት ናት? ደብዳቤዎ ከሲማዳ እዚህ ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። የአክስቴ ልጅ ክንዱ በአይሱዙ መኪናው እስከ ደብረ ታቦር አምጥቶ ለአውቶቡስ ሰው አደራ ሰጠው፣ ያም ለሌላ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ እሱ ፖስታ ቤታችን ሆኗል። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ደስ አለኝ፤ ከፍቼ ሳነበው ግን ደስታዬ እዚያው ቀረ።

«ስኳር አለብህ አሉኝ፤ ይህ ነገር ይገድላል ወይስ ያኖራል?» ብለው ጠይቀውኛል። የምሠራው የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ውስጥ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ እመልሳለሁ። ለአባቴ ስመልስ ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት። ለሚጠነቀቅ ያኖራል፣ ለሚንቀው ይገድላል። ወንድምዎን፣ አጎቴን ቄስ ገብረ ማርያምን ያስቡት። ኪኒኑን አንድ ቀን ውጦ ሦስት ቀን እየረሳ፣ መጀመሪያ ጣቱ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ሄደ። እርስዎ ደግሞ በእግርዎ የሚኖሩ ሰው ነዎት። አቋቋም ተቀምጦ የሚያስተምር መምህር አላየሁም።

«ቀኑን ሙሉ መቋሚያ ተደግፌ ስቆም እየዋልሁ ሌላ ምን እንቅስቃሴ ያሻኛል?» ላሉት፣ መቆም ሌላ መሯሯጥ ሌላ ነው። እኔ ከሥራ በፊት ሐይቁ ዳር ባለ ሜዳ የሜዳ ቴኒስ እጫወታለሁ። አይሳቁ። ዓምና ደረጃ ስወጣ ያለከልከኝ ነበር፣ እንቅልፍም አልነበረኝም። ዛሬ ሁለቱም የለም። ቴኒስ ልብን ያጠነክራል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ አጥንትን ያጸናል። ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስለሚያስሮጥ ሰው ሲሸመግል የሚያጣውን ሚዛን ይመልሳል። ከሁሉ በላይ ለእርስዎ የሚበጀው ይህ ነው፦ የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደ ማገዶ ያነደዋል።

ሁለት ራኬት፣ አራት ኳስና የሦስት ወር ኪኒን ልኬያለሁ። ኪኒኑን በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ አንድ አንድ ይዋጡ። ሰዓት የሌለው መድኃኒት ይረሳል፣ አጎቴን የገደለው መርሳት ነው። አይፍሩ አልልዎትም፤ እኔ ፈርቻለሁና።

ልጅዎ ትርሲት

*

ሲማዳ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ዘመንሽን ይባርክ። እኛ ከሐሳብሽ በቀር ደኅና ነን። የላክሽው ዕቃ ሳይጎድል ደርሷል። እናትሽ አሰለፈች ራኬቱን አገላብጣ አየችና «የምን ወንፊት ነው፣ እጀታው እንዲህ የረዘመ? ዱቄቱንስ ያፈሰዋል» አለች። ኪኒኑን ግን አልሳቀችበትም፤ ከመሶቡ በላይ ሰቅላ በየጠዋቱ እሷው ታወርድልኛለች።

«ከማን ጋር ይጫወታሉ? የትስ ሜዳ አለ?» ብለሽ በክንዱ ቃል ለላክሽው፣ ሁለቱንም እግዚአብሔር አዘጋጅቷል። የጎረቤታችን ልጅ አስቻለው ወገዳ ከተማ የስፖርት መምህር እንደነበረ ታውቂያለሽ፤ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ አባቱ ቤት ተቀምጧል። ራኬቱን ሲያይ እንደ ጠፋ ወንድሙ ነው ያቀፈው። ሜዳው ቸገረን፤ አገሩ ሁሉ ዳገትና ድንጋይ። ኋላ አንድ ቀን አውድማውን እያየሁ «ይህስ?» አልሁት። ገብሱ ተወቅቶ አልቋል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቆ ሲያዩት እንደ ሰሌዳ ነው፣ እስከ መጪው መኸርም የሚፈልገው የለም። በመካከል የበሬ ጠፍር ወጥረን ጆንያ ሰቀልንበት። ኳሱ ምን ያህል እንደሚነጥር ብታዪ! ዳር ያመለጠ እንደሆነ ግን እስከ ወንዝ አይመለስም፤ አንዱን ገደል በልቶታል።

በመጀመሪያው ቀን ነፋስ ስመታ ዋልሁ። በሁለተኛው አስቻለው «የኔታ፣ መቋሚያ ሲያነሱ እንደሚያደርጉት ወገብዎን አዙረው እጅዎን ያስከትሉት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ነገር ነውና።

«ሰውስ ምን ይላል?» ብለሻል። ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል። ተማሪዎቼ ጥግ ይዘው ይስቃሉ። የንስሐ አባቴ ቄስ ስማቸው «ደምሌ፣ በስተርጅና ገና ልትጫወት ነው?» አሉኝ። እኔ ግን እንቅልፌ ተመልሷል፣ ከወንዝ ስመለስ ትንፋሽ አያጥረኝም፣ እግሬን ይነዝረኝ የነበረው ቀንሷል። የጤና ኬላዋ ምሥራቅ በዚያች መርፌዋ ወግታ ለካችኝና ሁለት መቶ ዘጠና የነበረው መቶ ሰባ ሆኗል አለችኝ።

ያልጠየቅሽኝን ደግሞ ልንገርሽ። በየጠዋቱ ተማሪዎቼ ሳይመጡ ጫማዬን አውልቄ የእግሬን መዳፍ አያለሁ። የገብረ ማርያም ቁስል ከየት እንደጀመረ አውቃለሁና እዚያ ቦታ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። ፈሪ አባት አለሽ።

እንዲህ ከተሻለኝ ኪኒኑን ብተወውስ?

አባትሽ ደምሌ

*

ሐዋሳ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይፍቱኝ አባቴ።

የአውድማውን ወሬ ለሥራ ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው፤ ተሳቀ። የመጨረሻዋን መስመር ስደርስ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

«ኪኒኑን ብተወውስ?» ያሉትን ቃል አጎቴም ብሎት ነበር፤ ያኔም «ተሻለኝ» ብሎ ነው። እዚህ ሩት የምትባል ሴት ነበረችን፣ ከእኔ በአራት ዓመት የምትበልጥ። ተሻለኝ ብላ ተወችው። ባለፈው ሳምንት በሁለት ክራንች መጣች። ሸኝቻት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ለሷ አልነበረም አባቴ፤ እርስዎን ያለ እግር ቅኔ ማሕሌት ውስጥ አየሁዎት።

ስለዚህ አንድ ነገር ለምኜዎታለሁ። በሚካኤል ይማሉልኝ፤ ካህን አይምልም ካሉ ቃል ይስጡኝ። ምንም ቢመጣ፣ ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ መንገድ ቢሆን፣ ቢሻልዎትም ባይሻልዎትም፣ ጎሕ ሲቀድ ያቺን ኪኒን ይውጣሉ። ፀሐይ ሳይበረታ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይጫወታሉ። አንድ ቀን እንኳ አይዝለሉ። ለሰው ሁሉ ቃልዎን የሚያከብሩ ሰው ነዎት፤ ለእኔ ደግሞ ስለ ሕይወትዎ ቃል ይግቡልኝ።

ሦስት ኳስ በክንዱ ልኬያለሁ። ገደሉን አይቀልቡት።

ትርሲት

*

ሲማዳ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

እግዚአብሔር ይፍታሽ። ሁዳዴን በሰላም ገባን፣ በሰላም ያስፈጽመን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።

ካህን አይምልም፤ ደግ አወቅሽ። ቃሌን ግን ሰጥቼሻለሁ። ጎሕ ሲቀድ ኪኒኗን ያለ ውሃ እውጣለሁ፤ መድኃኒት እህል አይደለም ብለው ቄስ ስማቸው ፈቅደውልኛል፤ ከማሕሌት ወጥቼ ፀሐይ ሞቅ ስትል ከአስቻለው ጋር እጫወታለሁ። ከዚያ ተማሪዎቼን ጾመ ድጓ አስዜማለሁ። ቅዳሴ የሚገባው በሰባት ሰዓት ነው፤ ወጥቼ እህል የምቀምሰው አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ቃል ከሰጠሁ ወዲህ አንዲት ቀን አልዘለልሁም። ይህችን ቃል የምትፈቺኝም አንቺው ብቻ ነሽ።

«ከእኔ የሚደብቁት ነገር የለም ወይ?» ብለሽ በዳር በኩል ጽፈሻል። ለእናትሽ ያልነገርኋት አለ፤ ላንቺ እነግርሻለሁ። ከጾሙ ወዲህ አንድ ነገር ይይዘኛል። አውድማው ላይ ሳለሁ ወይም ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አንዷ ኳስ ሁለት ሆና ትመጣብኛለች። ረቡዕ ዕለት አስቻለውን ያለ ነገር ተቆጣሁት፤ ምን እንዳልሁት ግን አላስታውስም። ዓርብ ዜማው መካከል ላይ ጠፋብኝ። ሠላሳ ዓመት ያዜምሁት ዜማ! ተማሪዎቼ ወደ ምድር አዩ።

የሚገርመው ቅዳሜና እሑድ ምንም አይነካኝም። ሰኞ ይመለሳል። ይህን ለቄስ ስማቸው ስነግራቸው «ሰንበትን የሚፈራ ነገር ነው» አሉኝ። ተማሪዎቼም ይህንኑ ይንሾካሾካሉ፤ መምህሩን ያየ ዓይን አለ፣ በዚያ ኳስ ሲዘል ያየው ዓይን፣ ይላሉ። እኔም ፈራሁ ልጄ። በሽታ ቢሆን ሰንበትን በምን ያውቃል?

ስለዚህ ከመጋቢት 8 ጀምሮ ሰባት ቀን ጸበል ገብቼ ሱባኤ እይዛለሁ። ማታ ማታ ከአንድ እፍኝ ሽምብራ በቀር አልቀምስም። አትስጊ፣ ኪኒኗን ይዣት እሄዳለሁ።

አባትሽ ደምሌ

*

ሐዋሳ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ኪኒኑን ያቁሙ። ይህን ያነበበ ማንኛውም ሰው ለቄስ ደምሌ ይንገርልኝ፦ ኪኒኑን ያቁሙ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ከሰዓት ደረሰኝ። ሱባኤ ከገቡ አራተኛ ቀንዎ ነው። ስልክ ደወልሁ፣ ወገዳ ደወልሁ፣ ንፋስ መውጫ ደወልሁ፤ አንዱም አይጠራም።

ሰንበትን የሚፈራ መንፈስ አልያዘዎትም። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ስለሚበሉ ነው። ኪኒኗ ስኳሩን ታወርዳለች፣ ቴኒሱም ያወርደዋል፣ ሆድዎ ግን እስከ አሥር ሰዓት ባዶ ነው። ማገዶ ሳይጨመር ምድጃውን በሁለት በኩል ማራገብ ነው ያደረግነው። እሳቱ ድንገት ይጠፋል፤ ሰው ተኝቶ ሳይነሳ ይቀራል። ላቡና መንቀጥቀጡ ሲመጣ ማር ወይም ስኳር በውሃ ወዲያው ይጠጡ። ወድቀው ካገኙዎት ማር በድድዎ ይቀቡዎት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «ከምግብ ጋር» ማለት ነበረብኝ። እዚህ ለማላውቀው ሰው ስነግር አንድም ቀን አልረሳሁም። ሠርጉን ቆጠርሁ፣ ለቅሶውን ቆጠርሁ፣ መንገዱን ቆጠርሁ፤ የቄስ ልጅ ሆኜ ሁዳዴን ረሳሁ። አሥር ዓመት ከተማ ተቀምጬ የአባቴን ሆድ ረሳሁ።

ይህን ደብዳቤ በሦስት ወረቀት ገልብጬ በሦስት መንገድ ልኬያለሁ። አንዱ ይድረስ። ነገ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ እነሳለሁ።

*

ሲማዳ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔ አባትሽ እየነገርሁት ይህን የሚጽፍልኝ አስቻለው ነው። ከጸበል ተመልሻለሁ። ቀኝ እጄን ትንሽ አሞኛል፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ካንቺ ደብዳቤ ከመጣ ወር ሊሞላው ነው፤ ከተቀየምሽኝ ንገሪኝ።

«ኳሱ ደረሰ ወይ?» ብለሽ በክንዱ ቃል ልከሽ ነበር። ደርሷል። አሁን ግን እጄ እስኪድን አውድማው ዐርፏል። በዚህ ብቻ ቃሌን ስላጎደልሁ ይቅር በይኝ። ኪኒኗን ግን አንድም ቀን አልዘለልሁም።

አባትሽ ደምሌ

እኅቴ ትርሲት፣ ከዚህ በታች ያለውን የኔታ አላዘዙኝም፤ እኔ አስቻለው የጨመርሁት ነው። እጃቸው «ትንሽ» አይደለም። ጸበሉ ድንጋይ ላይ ወድቀው ተሰብሮ ወጌሻ አስሮታል። ከተመለሱም በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ አንዱን ጊዜ የሞቱ መስሎን እማማ አሰለፈች ጮኸች። ምሥራቅ ኪኒኑ ነው፣ በጾም አይዋጥም፣ ተዉት አለቻቸው። እማማም ደበቀችባቸው፤ አስወጥተው ዋጡት። «ጾሙን ከምሽር ልሙት፣ ቃሌን ከማጥፍ ልሙት፤ ያሰረችኝ ልጄ ናት፣ ልጄ ትፍታኝ» ይላሉ። ካንቺ ጽሑፍ በቀር የሚሰሙት የለም። እባክሽ ቶሎ ጻፊ። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ደግሞ አክፍሎት ይይዛሉ፤ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ትንሣኤ ነው። ያን ጊዜ ኪኒኑን ከዋጡ እኔ የምጽፍልሽ ደብዳቤ አይኖርም።

*

መካነ ኢየሱስ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይፍቱኝ አባቴ።

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ደርሻለሁ። ፈቃዱ ሦስት ቀን ቆይቶብኝ፣ ከሐዋሳ ከተነሳሁ አሥራ ስድስት ቀኔ ነው፤ ባሕር ዳር ዘጠኙን ቀን መንገድ ጠበቅሁ፣ ደብረ ታቦር አራቱን። ከዚህ ወደ ሲማዳ መኪና የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አላገኘሁም። ክንዱም መኪናውን እዚሁ አቁሞ ተቀምጧል። እግረኛ ያመጣለትን ደብዳቤዎን የሰጠኝ እሱ ነው። ከላክኋቸው ከሦስቱ ወረቀቶች ሁለቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፤ እዚሁ ቀርተዋል። ሦስተኛው የት እንደገባ አይታወቅም።

ደብዳቤዎን ስከፍት ጽሑፉ የእርስዎ አልነበረም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከዚህ በፊት ደርሶኛል አባቴ። «ገብረ ማርያም ትንሽ አሞታል፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው» ይል ነበር፣ ያውም በእርስዎ እጅ የተጻፈ። ፈተና ላይ ነበርሁና እንዳልደነግጥ ብለው ነው። ሲማዳ ስደርስ ግን አጎቴ ከተቀበረ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የእኛ ሰው መርዶ በደብዳቤ አይጽፍም፤ ስለዚህ «ሌላው ሁሉ ደኅና ነው» የሚለውን ሳነብ የክንዱ መኪና በር ላይ ተቀመጥሁ። ልብስ እንኳ ጥቁር አልያዝሁም ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ የታችኛውን አነበብሁ። ከአልጋ ተነስተው እማዬ የደበቀችውን ኪኒን አስወጥተው መዋጥዎን፣ «ልጄ ትፍታኝ» ማለትዎን። ሳቅሁ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ። ይህን የመሰለ ግትርነት አስቻለው ከራሱ ሊፈጥረው አይችልም። አባቴ ነዎት፤ በሕይወት አሉ።

እንግዲህ ይስሙኝ። እኔ ልጅዎ ትርሲት በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፦ ከሰጡኝ ቃል ፈትቼዎታለሁ። ቃሉን የጠየቅሁዎት በፍርሃት ነው፤ ፈሪ የሚያስረው ቋጠሮ ደግሞ ያንቃል። ከእንግዲህ ኪኒኗን የክፍላችን ሐኪም እንዳለኝ ከማዕድ ጋር ብቻ ይዋጡ። ያልበሉ ቀን አይዋጡ። ቴኒሱን ከበሉ በኋላ ይጫወቱ፤ እሱ አልበደለንም፣ እኛ ነን ያለ ጊዜው ያዘዝነው።

አንድ ልመና አለኝ፣ ቃል ግን አልጠይቅም። ዘንድሮ አክፍሎት አይያዙ። አርባ ዓመት እንደያዙ አውቃለሁ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ባዶ ሆድ ሆነው ሰውነትዎ አይችልም፤ ኪኒኑን ቢያቆሙም ተዳክመዋል።

ይህን የሚያመጡልዎ እማሆይ አዲስዓለም ናቸው። በእግራቸው ወደ ወገዳ ይሄዳሉ፤ መነኩሲትን የሚያቆም የለም ብለውኛል። እግራቸው ያበጠ ነው፣ እያረፉ ነው የሚሄዱት። ይህን ጽፌ እስክጨርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሰሙነ ሕማማት አምስት ቀን ቀርቶታል።

ትርሲት

*

ሲማዳ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

ጽሑፌ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ጠማማ ቢሆንም የአባትሽ ነው፣ መርዶ አይደለም። የገብረ ማርያምን ጊዜ ስላስታወስሽኝ አፈርሁ። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ላንቺ ያዘንሁ መስሎኝ ነበር።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብዬ አለመጀመሬን አይተሻል። ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በዚህ ሳምንት መስቀል አንሳለምም፣ ካህን ማንንም ይፍታህ አይልም። እማሆይ አዲስዓለም የደረሱት ትናንት ሰኞ ነው፣ ስግደት ላይ ሳለን። ኪኒኗን ጎሕ ሲቀድ ውጫት ነበር። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ አስቻለውም እንደ ጥላ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

መጋቢትን እንዴት እንዳለፍሁት በዝርዝር አልጽፍልሽም። ይህን ብቻ እወቂ፦ ስነቃ ምላሴ ላይ ማር አገኝ ነበር። ምሥራቅ አስተምራው አስቻለው በጣቱ ይቀባኝ ነበር። «ጾሜን አስገደፍኸኝ» ብዬ እገሥጸዋለሁ፤ እሱ ጣቱን ይጠርጋል። ማር የቀመሰ ካህን አይቀድስምና ከመቅደስ ቀረሁ። ሦስት ሳምንት ከምእመናን ጋር በውጭ ቆሜ ቅዳሴ አስቀደስሁ። ሰው ሁሉ ምን በደለ ይል ነበር።

ደብዳቤሽን አነበብሁና ለቄስ ስማቸው ሰጠኋቸው። «ፈታችኝ፤ ግን ሰሙነ ሕማማት ነው፣ በዚህ ሳምንት መፈታት አለ ወይ?» አልኋቸው። አስቻለው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ቄስ ስማቸው ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ደምሌ፣ በዚህ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አፏን ዘግታለች። የልጅህን አፍ ግን የዘጋው የለም። ተፈተሃል፣ ሂድና ማር ጠጣ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው «ሰንበትን ይፈራል ያልሁህን ይቅር በለኝ፤ ጠዋት እንደምትበላ ማሰብ ነበረብኝ» አሉ። በሕይወቴ ይቅር በለኝ ሲሉ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ላንቺ ብቻ። ቃሌን የጠበቅሁት ጻድቅ ሆኜ አይደለም። የገብረ ማርያምን እግር ፈርቼ ነው። ኪኒኗን ብተው እግሬ ይሄዳል፣ ብውጣት ነፍሴ፤ እኔ የማውቀውን ፍርሃት መረጥሁ። አንቺም እዚያ ፈራሽ፣ እኔም እዚህ ፈራሁ፤ ሁለታችን ሳንነጋገር ተስማምተን መቃብሬን ልንቆፍር ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ ሰው ራሱ ተሸክሞ ስለሚያደርሰው ነው።

ዛሬም ፈርቻለሁ። መንገዱ ዓርብ ሊከፈት ይችላል ሲባል ሲመጡ መስማታቸውን እማሆይ ነግረውኛል። ዓርብ ያልተከፈተ እንደሆነ አትድፈሪ፤ በእግርም አትምጪ። የሚጠብቅሽ ሰው ቢቸኩልም መንገዱ አይቸኩልም። የተከፈተ እንደሆነ ግን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ መሽቶ አትጓዢ፣ በየደረስሽበት ለሰው ስምሽን ንገሪ።

ትናንት ማታ እህል ቀምሼ ወጣሁና አውድማውን አየሁት። ጠፍሩ ላልቷል፣ ጆንያውን ጥጃ በልቶታል። አስቻለው ሊጠግነው ነው። ወንፊቱን በግራ እጄ ይዤ ሁለት ጊዜ መታሁለት፤ አንዷ ገደል ገባች።

ስለ አክፍሎቱ ለምነሽኛል። አርባ ዓመት ሳላጓድል ይዤዋለሁ። ዘንድሮ እናትሽ ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ በፊቴ ታቀርብልኛለች፤ እኔም እያፈርሁ እቆርሳለሁ። አንቺንም ይፍታሽ ማለት እስከ እሑድ አልችልምና እስከዚያው እንደታሰርሽ ቆዪ። እሑድ በር ላይ ስትደርሺ በአፌ እልሻለሁ።

እስከዚያ አትፍሪ። በልቼ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ ደምሌ